ሞድ ልጫን ላልከው ልጅ፦ ከማውረድህ በፊት የጌምህን ቁጥር እይ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ሐዋሳ ነኝ፣ ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽንን ጌም ቤት አስገልብጫለሁ፣ ስካይዩአይ ልጫን ብዬ ኤስኬኤስኢ ሳስገባ «ጌምህ ከዚህ ይበልጥ አዲስ ነው» የሚል ነገር ጽፎ ይዘጋብኛል፣ ጀማሪ ነኝ፣ ከየት ልነሳ ነው ያልከው። (ለማያውቅ፦ ስካይሪም የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ሞድ ሰዎች ሠርተው ጌሙን የሚለውጡበት ፋይል ነው፤ ስካይዩአይ የጌሙን ሜኑ የሚያሻሽል ሞድ ነው፤ ኤስኬኤስኢ ደግሞ ብዙ ሞዶች ለመሥራት የሚደገፉበት ፕሮግራም ነው።) ከስር የጻፉልህንም አነበብኩ። አንዱ «ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል» ብሎ አለፈ። ሌላው «ዳታ ፎልደር ውስጥ ገልብጠው በቃ» አለህ፤ የጌሙ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ማለቱ ነው። ሁለተኛውን አትስማው። እኔም እዚሁ ሐዋሳ እንዳንተው ጌም ቤት አስገልብጬ ነው የጀመርኩት፤ ያ «ገልብጠው በቃ» ምን እንዳስከፈለኝ ልንገርህ። ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

ኔክሰስ (ሞድ የሚወርድበት ድረ ገጽ) ላይ አካውንት እንዴት ይከፈታል፣ ዚፕ እንዴት ይፈታል የሚለውን አልነካም። እሱን አታጣውም።

1. የጌምህን ቁጥር እወቅ። «አዲሱ ነው» ያለህን የሻጩን ቃል ተወው። ጌሙ ያለበት ፎልደር ግባና ስካይሪም ኤስኢ የሚለውን ማስነሻ ፋይል ራይት ክሊክ አድርግ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ። 1.5.97 ሊል ይችላል፣ 1.6.640 ሊል ይችላል፣ 1.6.1170 ሊል ይችላል። ከዚህ በኋላ ለምታወርደው ነገር ሁሉ ያ ቁጥር መታወቂያህ ነው።

ለምን መሰለህ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራልህ)። የ2011ዱ ስካይሪም 32 ቢት ነው። በ2016 የመጣው ስፔሻል ኤዲሽን 64 ቢት ነው። እሱ በ2019 1.5.97 ላይ ደርሶ ረጋ፣ ሞድ ሠሪዎቹም ሁለት ዓመት ያህል በሰላም ሠሩ። ኅዳር 2021 ላይ ጌሙ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ሠሪው ቤቴዝዳ ወደ 1.6 አሻገረውና በኤስኬኤስኢ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ቀጥ አለ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ሌላ አፕዴት፣ በ2024 መጀመሪያ 1.6.1170። ኤስኬኤስኢ ጌሙ ውስጥ የሚገባው ማስነሻ ፋይሉ ላይ ያሉትን አድራሻዎች እየፈለገ ነው፤ ፋይሉ በተቀየረ ቁጥር አድራሻዎቹ ቦታ ይለውጣሉ። ስለዚህ ለ1.5.97 የተሠራ ኤስኬኤስኢ 1.6.1170 ላይ አይነሳም፣ ብትለምነውም አይነሳም። ያንተም ችግር ይሄው ነው፤ የአንዱን ለሌላው አውርደሃል። የኤስኬኤስኢ ገጽ ላይ ለየቁጥሩ ለብቻ ተቀምጧል። የስቲምና የጎግ (ሁለቱም ጌም የሚሸጥባቸው ድረ ገጾች ናቸው) ቅጂም ይለያያል፣ እሱንም ልብ በል። አድሬስ ላይብረሪ የሚባለውን (ሞዶች እነዚያን አድራሻዎች የሚያገኙበት ዝርዝር ነው) አብረህ አውርድ፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ለ1.5 ሌላው ለ1.6።

2. ሞድ ማኔጀር (ሞድ የሚጭንልህና የሚያስተዳድርልህ ፕሮግራም) ሳይኖርህ አንድም ሞድ እንዳትነካ። እኔ ሞድ ኦርጋናይዘር 2 እላለሁ። ቮርቴክስም ይሠራል፣ የሚወዱት አሉ፣ አልጣላቸውም። ኦርጋናይዘር ግን የጌሙን ዳታ ፎልደር ጭራሽ አይነካውም። እያንዳንዱን ሞድ በየራሱ ፎልደር አስቀምጦ፣ ጌሙ ሲነሳ ብቻ ሁሉም ዳታ ውስጥ ያሉ ያስመስለዋል። ያልወደድከውን ምልክቱን ታነሳለህ፣ ጌምህ እንደነበረ ይመለሳል። ይሄ ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ እነሆ።

ጌሙን ያስገለበጥኩት ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ቤት ነው፣ ስሙን አልጠራም። ልጁ «ሞድም እንጭናለን፣ ግራፊክሱ እንዲህ ይሆንልሃል» ብሎ የሌላ ሰው ስክሪንሾት አሳየኝ። ከፈልኩ፣ ላፕቶፑን ትቼለት ሄድኩ፣ ማታ ወሰድኩ። ያደረገው ምን መሰለህ? ኤክስተርናሉ ላይ የሌላ ደንበኛ ዳታ ፎልደር አለው፤ ያ ሰው ደግሞ የሚጫወተው የ2011ዱን ስካይሪም ነው። ሰለክት ኦል፣ ኮፒ፣ የኔ ስፔሻል ኤዲሽን ላይ ፔስት፣ «ሪፕሌስ» ሲለው ለሁሉም እሺ። አለቀ። ሞድ ጫንኩ የሚለው ይሄንን ነው። የድሮው ጌም ቅርጾች የተሠሩበት አሠራር ከስፔሻል ኤዲሽኑ ይለያል፤ ሳይለወጡ ከገቡ ጌሙን ይጥሉታል። ቴክስቸሩ (ላዩ ላይ የሚለበጠው ምስል) የጠፋበት ነገር ደግሞ ሐምራዊ ይሆናል። ቤት ወስጄ ስከፍተው ሜኑው መጣ፣ ሴቩ ሎድ አደረገ፣ ዛፉ ሐምራዊ ነው፣ እሺ ይሁን አልኩ። ዋይትረን የምትባለው የጌሙ ከተማ በር ስደርስ ድርግም። እንደገና፣ እዚያው በር ላይ ድርግም።

ተመልሼ ሄድኩ። «ጌሙ ይዘጋል» ስለው ኳስ እየተጫወተ ነው፣ ቀና ብሎ አላየኝም።
«ስሰጥህ ተከፍቶ አይተሃል አይደል?»
«ሜኑው ተከፍቷል፣ ግን...»
«እንግዲያው ላፕቶፕህ ነው። ራምህ አይችልም።»
ራሜ 8 ጂቢ ነው። ጌሙ ራሱ ቢያንስ ብሎ የሚጠይቀውም 8 ጂቢ ነው። ይህንኑ ስነግረው «አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አለ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁብኝ። ከዚያ በቸርነቱ «ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ፎርማት እናርግልህ፣ ጌምህ ዲ ላይ ስለሆነ አይነካም» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ጌሙ አልተነካም። ግን ስካይሪም ሴቭ የሚያደርገው ጌሙ ፎልደር ውስጥ አይደለም። ሲ ላይ፣ ዶክመንትስ፣ ማይ ጌምስ፣ ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን፣ ሴቭስ ውስጥ ነው። ጌም መሸጥ ሥራው የሆነ ሰው ይሄን አያውቅም! ክረምቱን ሙሉ የተጫወትኩት ካጂት (ድመት መሰሉ ገጸ ባሕሪ)፣ ሪፍተን ከተማ ውስጥ ቤት የገዛሁለት፣ የሌቦቹ ማኅበር አለቃ ያደረግኩት፣ ከነቀስቱ ሄደ። የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ዲ ላይ ስለነበር ተረፈ። እሱ ቢጠፋ ኖሮ ይሄን የምጽፍልህ አላሙራ ተራራ ላይ ተደብቄ ነበር። ልጁ ይቅርታ አላለም። ለፎርማቱ ደግሞ ለብቻ አስከፈለኝ። ዋይትረን በር? አሁንም ድርግም ይላል፣ የተበላሸው ዳታ ፎልደር እንዳለ ነዋ።

እና ይሄን ማንበብ አቁምና ያንን ሴቭስ ፎልደር አሁኑኑ ፍላሽ ላይ ገልብጠው። ከዚያ ተመለስ።

3 ላይ ነበርን መሰለኝ። ጌሙን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታስቀምጠው፣ ዊንዶውስ በፈቃድ ያስቸግርሃል። ዲ ላይ አጭር ስም ያለው ፎልደር ክፈት። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው፤ እኛ ፎልደር በአማርኛ መሰየም እንወዳለን፣ ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ግን የኛን ፊደል ሲያዩ መንገዱ ይጠፋባቸዋል። ዳታ ፎልደርህን ሰው ነክቶት ከሆነ ለመጠገን አትድከም። አጥፍተህ ንጹሑን ጌም እንደገና ገልብጥ። እኔ አንድ በአንድ ልለቅም ሞክሬ ነበር፣ ከንቱ ድካም ነው።

ስለ ቅጂው አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቀየመኝ። ኤስኬኤስኢ የተሠራው ለስቲምና ለጎግ ጌም ነው። ክራክ የተደረገ (ሳይገዛ እንዲነሳ መከላከያው የተሰበረ) ማስነሻ ላይ ከሠራልህ እሰየው፣ ካልሠራልህ የሚሰማህ የለም። እኔ በመጨረሻ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ስቲም ላይ በቅናሽ ጊዜ ገዛችልኝና ተገላገልኩ። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ስቲም በራሱ ጊዜ አፕዴት ያደርግና ቁጥርህን ይለውጥብሃል። የጌሙ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተህ አፕዴቱን «ጌሙን ሳስነሳ ብቻ» አድርገው፤ ጌሙን ደግሞ ሁልጊዜ ከሞድ ኦርጋናይዘር ውስጥ በኤስኬኤስኢ ሎደር አስነሳው፣ የስቲሙን ፕሌይ አትንካ።

4. ዳታህን ቆጥብ። ይሄንን ውጭ ሆነው መመሪያ የሚጽፉት አያውቁትም። «4ኬ ቴክስቸር አውርድ» ይሉሃል (ቁጥሩ የምስሉ ጥራት ነው)፤ አንዱ ብቻ ስንት ጂቢ እንደሚሆን ፋይሉ ጎን ተጽፏል፣ እየው። ኔክሰስ ላይ በነጻ የሚያወርድ ሰው ፍጥነቱ ገደብ አለው፣ ግማሹ ላይ መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ሲጠፋ ደግሞ ከመጀመሪያው ልትጀምር ትችላለህ። 1ኬ ወይም 2ኬ ውሰድ፤ 15 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ልዩነቱን የሚያየው የሚፎክር ሰው ብቻ ነው። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ከሌለህ ኢኤንቢ የሚባለውን የግራፊክስ ማሳመሪያ እርሳው። ከሁሉ በፊት ግን የየሞዱ ገጽ ላይ «ሪኳየርመንትስ» የሚለውን ክፈት። ያንተን አንድ ሞድ ለማስነሳት ሌሎች የሚፈልግ ከሆነ እዚያ ተዘርዝሯል። አንዱ ከጎደለ ጌሙ ሜኑው ሳይመጣ ሊዘጋ ይችላል፤ የጎደለው ፕለጊን (ሞዱ ይዞት የሚመጣው፣ ጌሙ የሚያነበው ፋይል) ከሆነ ግን ኦርጋናይዘር አስቀድሞ ምልክት ያሳይሃል። አንኦፊሻል ፓች የሚባለውን፣ የጌሙን ስህተቶች የሚያርመውን ሞድ፣ ሁሉም «የግድ ነው» ይሉሃል፣ ልክ ናቸው፤ አዲሱ ግን 1.6.1130 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 1.5.97 ላይ ከሆንክ የድሮውን ፈልግ። ይኸው፣ ተመልሰን ቁጥሩ ላይ መጣን።

አጫጫኑ ላይ ሰው የሚምታታበት አንድ ቦታ አለ። ኦርጋናይዘር ሁለት ዝርዝር አለው። የግራው ሁለት ሞድ አንድ ዓይነት ፋይል ይዘው ሲመጡ የማንኛው ይታይ የሚለውን ይወስናል፤ ከታች ያለው ያሸንፋል። የቀኙ የፕለጊን ቅደም ተከተል ነው። ሉት የሚባለው ፕሮግራም የሚያስተካክልልህ የቀኙን ብቻ ነው። «ሉት አድርጌ እንኳ ድንጋዩ አልተቀየረም» የሚል ሰው በየሳምንቱ አያለሁ፤ ወንድሜ፣ ድንጋዩ በግራው ዝርዝር ነው።

ደግሞ አንድ ጫን፣ ጌሙን ክፈት፣ ትንሽ ዙር፣ ከዚያ ቀጣዩን። ሃያውን ባንዴ ጭነህ ሲዘጋብህ የቱ እንደሆነ አታውቅም። ስክሪፕት (ጌሙ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ያለው ሞድ ከሆነ መሀል ላይ አታውጣው፤ ስክሪፕቱ ሴቭህ ውስጥ ይቀራል፣ ሞዱን ብታጠፋውም። ሞድህን ጨርሰህ ከወሰንክ በኋላ አዲስ ጨዋታ ጀምር። የድሮው ሴቭህ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፣ የኔን ነግሬሃለሁ።

እኔ ዛሬ ከመቶ በላይ ሞድ በዚያው «ራምህ አይችልም» በተባለው ላፕቶፕ ነው የምጫወተው። አቶቴ ቤቴ ድረስ ላፕቶፕ ይዘው በባጃጅ የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ገንዘብ አልቀበልም፣ ካርድ ከሞሉልኝ ግን እምቢ አልልም። ያ ቤት ራሱ «እሱ ጋ ሂድ» ብሎ ደንበኛ ልኮብኛል። ልጁ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል እንዳትል፣ አይልም።

ሙሉ ኮሌክሽን አውርድ፣ ሁሉንም በአንዴ ይጭንልሃል ላልከው ሌላኛው ወንድም፦ እሱ ለሚከፍል ሰው ነው። በነጻ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሞድ ዳውንሎድ የሚለውን ራስህ ትጫናለህ፤ አራት መቶ ሞድ ያለው ኮሌክሽን ለጀማሪ ስትመክር እሱን አልነገርከውም።

ጠያቂው፣ ቁጥሩን አይተህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የትኛውን ኤስኬኤስኢ እንደምታወርድ እነግርሃለሁ። ከዚያ በኋላም ከዘጋብህ ክራሽ ሎገር የሚባለውን፣ ጌሙ ሲዘጋ ምን እንደነበረ የሚመዘግበውን ሞድ ጫን፤ ያው ዶክመንትስ ውስጥ ማይ ጌምስ፣ ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን፣ ኤስኬኤስኢ የሚል ፎልደር ውስጥ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጥልሃል። ፋይሉን ራሱን ላክ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስተህ እንዳትልክ፣ ባለፈው አንዱ የላከልኝ ላይ የታየኝ የራሱ ፊትና ከኋላው ያለው መጋረጃ ነው።