ሃያ አምስት ዓመት ማስታወቂያ የሠራው ስዊድናዊ

ሰላም ልጆች። ፊልም መሥራት እንፈልጋለን ብላችሁ የምትጽፉልኝ በዝታችኋል። የብዙዎቻችሁ ብሶት ደግሞ አንድ ነው። ሠርግ ስቀርጽ፣ ማስታወቂያ ስሠራ ዕድሜዬ አለቀ ትላላችሁ። ይቺን ብሶት አውቃታለሁ፤ አብሬያት አርጅቻለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ስዊድናዊው የፊልም ዳይሬክተር ስለ ሮይ አንደርሰን ላወራችሁ የፈለግኩት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮይ በ1943 ጎተንበርግ ተወለደ። የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ በ1970 ሲወጣ ገና 27 ዓመቱ ነበር። የሁለት ጎረምሶች ፍቅር ነው፤ አገሩ ወደደለት። ያንኑ ዓይነት ቢደግም ኑሮው ተደላድሎ ነበር፣ እሱ ግን ሌላ ነገር አማረው። በ1975 ሁለተኛውን አወጣ። በጀቱ ከልክ አለፈ፣ ተቺዎቹ ዘለዘሉት፣ ተመልካችም አልመጣም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ፊልም ገንዘብ የሚሰጠው ጠፋ። ሦስተኛው ፊልሙ የወጣው በ2000 ነው። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ 25 ዓመት!

ታዲያ በመሃል ምን በላ? ማስታወቂያ። ከ400 በላይ ሠርቷል፤ የኢንሹራንሱን፣ የምግቡን፣ የሎተሪውን። እኔን የገረመኝ ብዛቱ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ካሜራውን አንድ ቦታ ይተክላል፣ አያንቀሳቅሰውም። ፊት አያስጠጋም፣ ሾት አይቆራርጥም። ፊታቸው የገረጣ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ የጎረቤታችሁን አጎት የሚመስሉ ሰዎች ያቆማል። ከዚያ አንዱ ትንሽ ውርደት ይደርስበታል፣ እናንተ ትስቃላችሁ፣ ከሳቃችሁ በኋላ ደግሞ ታዝናላችሁ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ያውም ዕቃ ለመሸጥ! ታላቁ የስዊድን ዳይሬክተር ኢንግማር በርግማን ሳይቀር በዓለም ላይ ምርጦቹ ማስታወቂያዎች ናቸው ብሏቸዋል። ባገኘው ገንዘብ በ1981 ስቶክሆልም ውስጥ የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ፣ ቀስ በቀስም መንገዱንም ባቡር ጣቢያውንም እዚያው ውስጥ መገንባት ጀመረ።

አሁን የኔን ስሙ። በወጣትነቴ የዘይት ማስታወቂያ ስቀርጽ አንዲት እናት ወጥ ያማስላሉ። እንፋሎቱ ሌንሱን አለበሰው፤ ጠረግኩና ቀጠልኩ። ጨርሰን ዕቃ ስንሰበስብ ሴትዮዋ መጡና “ልጄ፣ እጄ ተንቀጥቅጧል፣ እባክህ ድገመኝ” አሉኝ። “ችግር የለውም እማማ፣ አይታይም” አልኳቸው። ይታይ ነበር። ግን ማስታወቂያ አይደል፣ የኔ ሥራ የት አለ፣ የኔ ሥራ ያ አንድ ቀን የምሠራው ፊልም ነው። እንደዚያ ነበር የማስበው። ያ የተንቀጠቀጠ እጅ ለወራት በቴሌቪዥን ሲታይ ከረመ፣ እኔ ደግሞ በየቀኑ ገብቼበት ስወጣ ከነበረው ክፍል አንዲት ነገር ሳልማር ስንት ዓመት ሄደ። ሮይ ግን ለኢንሹራንስም ለሎተሪም ቢሆን የሚፈልገውን ብርሃን እስኪያገኝ ይለፋ ነበር።

የ2000ው ፊልም (Songs from the Second Floor) ቀረጻ አራት ዓመት ገደማ ወስዷል። ብዙዎቹ ተዋንያን ሙያተኞች አይደሉም። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ትዕይንት አለ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰውዬ ከሥራ ይባረራል፣ ረጅም ኮሪደር ላይ የአለቃውን እግር ጥምጥም አድርጎ ይይዛል፣ አለቃው ደግሞ እየጎተተው ይሄዳል። በግራም በቀኝም በሮች ገርበብ ይላሉ፤ የሥራ ባልደረቦቹ ያያሉ፣ ማንም አይወጣም። ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ያንን ትዕይንት ስታዩ ሮይ በየማስታወቂያው ሲለማመደው የነበረው ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ፊልሙ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ሽልማት አገኘ። በ2014 ደግሞ ሌላው ፊልሙ ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ ወሰደ፤ ያኔ 71 ዓመቱ ነው።

እንግዲህ እናንተም 25 ዓመት ጠብቁ እያልኳችሁ አይደለም፣ ኧረ እንዳትጠብቁ! እሱ እንደ ስዊድን ያለ ሀብታም አገር ውስጥ፣ ጥሩ በሚከፍል ገበያ ነው የሠራው። የናንተ ደንበኛ ቅዳሜ ቀርጾ ሰኞ ማየት የሚፈልግ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የቅዳሜው ሠርግ ላይ ሙሽራዋ እናቷን ስትሰናበት፣ ድሮኑን ተዉትና ካሜራውን አንዴ ትሪፖድ ላይ አድርጋችሁ ዝም በሉ። ሁለት ደቂቃ ብቻ። ደንበኛው ባይወደው ለራሳችሁ አስቀሩት።

ያንን የኮሪደር ትዕይንት ካገኛችሁት ደግሞ እዩትና ስንት በር እንደተከፈተ ቆጥራችሁ ጻፉልኝ። እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬ ሰውዬውን ሳይ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።