«ለምን አልጮህሽም?» ያለኝ ፖሊስ ጋ ልመለስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የማውቀው ሰው ደፈረኝ። በነጋታው ከእህቴ ጋር ፖሊስ ጋ ሄድን፣ ተረኛው ፖሊስ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ «ምን ለብሰሽ ነበር? ለምን አልጮህሽም?» ይለኛል፣ እያወራሁትም ስልኩን ይነካካል። ቃሌን ሳልጨርስ ጥዬ ወጣሁ። እህቴ ተመለሺ ትለኛለች፣ እኔ ግን እውነቴን ነው ከዛ ሰውዬ ባልተናነሰ ነው የጎዳኝ። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አለመጮህሽ አንቺ ላይ የሚቆጠር ነገር አይደለም። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ ድምፅም አይወጣም፣ በመደፈር ላይ ደግሞ ይሄ በጣም ያለ ነገር ነው። በኋላም የመጋረጃው ቀለም ቁልጭ ብሎ እየታየሽ ሰዓቱ ሊጠፋብሽ ይችላል፣ ይሄን ያልተማረ መርማሪ ታዲያ «ትዋሻለች» ብሎ ቁጭ። አጠገቡ ያለው ባልደረባው ከሳቀ አለቃውም ዝም ካለ፣ በቃ የቤቱ ወግ ሆነ ማለት ነው።

እምነት ማጣትሽም ያለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ በ2021 ለንደን ውስጥ ሳራ ኤቨራርድ የተባለችን ሴት መታወቂያውን አሳይቶ የወሰዳት፣ ደፍሮም የገደላት የከተማው ፖሊስ አባል ነው። ከዛ በኋላ በሉዊዝ ኬሲ የተመራው ምርመራ 2023 ላይ ሲወጣ የለንደን ፖሊስ ራሱ እንደ ተቋም ሴት ይንቃል አለ፣ የመደፈር ናሙና የሚቀመጥበት ፍሪጅ እንኳን ከመጠን በላይ ታጭቆ ነበር፣ አንዱ ደግሞ በ2022ቱ ኃይለኛ ሙቀት ተበላሽቶ ማስረጃው ተጥሏል (ፍሪጅ!)።

ልመለስ ወይስ ልተወው ያልሽው ያንቺ ውሳኔ ነው፣ ማንም አይግፋሽ፣ እህትሽም ቢሆን። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ያ ተረኛ ማለት ኬዙ ማለት አይደለም። ከሄድሽ በቀጥታ ኃላፊውን አናግሪ፣ ሴት መርማሪና የተዘጋ ክፍል ጠይቂ፣ የፋይል ቁጥር ሳትይዢ አትውጪ። የዛን ቀን ልብስሽ ካልታጠበ በወረቀት ከረጢት አድርጊው፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ፖሊስ ጋ ባትሄጂም ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የእርግዝና ምርመራ አሁን ያሳያል፣ የኤችአይቪውን ደግሞ ሐኪሙ በሚልሽ ጊዜ ድገሚው። (ይሄን የምታነቡ ሌሎች፣ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ ቶሎ ሲሆን ግን ይሻላል።)

እህትሽም ቃሏን ትስጥ። በነጋታው እንዴት ሆነሽ እንደነበር፣ ምን እንዳልሻት፣ ተረኛውም ምን እንዳለሽ የሰማች እሷ ናት፣ ሳይረሳት ዛሬውኑ በወረቀት ታስፍረው።