ናፍጣ ጠቆረ ተብሎ ኢንጀክተር አይወርድም

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በአዳማ ጋራዦች ውስጥ ናፍጣ ናፍጣ ስሸት ከ30 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ የትራሴን ልብስ ለብቻው ታጥባለች። በእነዚህ ዓመታት የሠራሁት ስህተት ብዙ ነው፤ ዛሬ የምነግራችሁ ግን አንዱን ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንድ ጎበዝ ልጅ እኔው በተሳሳትኩበት መንገድ ሲሳሳት አይቼ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት።

ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተመለሰ ባለ ስድስት ሲሊንደር ተሳቢ፣ ዳገት ላይ ጉልበት አጥሮት መጣ። የናፍጣ ፊልትሮውን ስፈታው የወጣው የቡና አተላ ይመስላል። በጣቴ አሸት አሸት አደረግሁት፤ ይወፍራል፣ ያንሸራትታል። የሞተር ዘይት ከናፍጣው መቀላቀሉን አወቅሁ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። «የኢንጀክተር ኦሪንግ ነው» አልኩ፤ ኢንጀክተር ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ዕቃ ነው፣ ኦሪንጉ ደግሞ ዙሪያውን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት። ስድስቱንም አወረድኩ፤ ኦሪንጎቹን በሙሉ ቀየርኩ፤ ታንኩን አጥቤ ሂሳቤን ተቀበልኩ። መኪናው በ10ኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ፊልትሮው እንደገና ጥቁር ነው። ሾፌሩ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በጋራዡ ሁላችንም «ባሻዬ» የምንላቸው፣ በድሮው የፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ዘመን ሙያውን የተማሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ፊልትሮውን አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ግፊቱ ያለው በየትኛው ወገን ነው?» አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ጥያቄው አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈሳሽ ግፊቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል እንጂ በተቃራኒው አይሄድም። በዚያ ሞተር ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ኢንጀክተሮቹን የሚከባቸው ናፍጣ ከ3 እስከ 6 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት አለው። ከላይ፣ በቫልቭ ክዳኑ ሥር ያለው ዘይት ግን የሚረጭና የሚንጠባጠብ ብቻ ስለሆነ ግፊት የለውም። ታዲያ ኦሪንጉ ቢበላ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ ወደ ናፍጣው የሚገባበት መንገድ የለም። እኔ ያንን ሁሉ ኦሪንግ የቀየርኩት ሊሆን የማይችለውን ነገር ለመከላከል ነበር! በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ካተርፒላር ሲ7ን የመሰሉት ኢንጀክተራቸውን የሚገፉት በዘይት ነው፤ የዘይቱ ግፊት ከ200 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ ናፍጣው ግን ጥቂት ባር ብቻ ነው ያለው። እዚያ ኦሪንግ ሲያረጅ ናፍጣው ይጠቁራል። ስለዚህ አንዱ ሞተር ላይ የተማራችሁትን ሌላው ላይ ሳታስቡ አትድገሙት።

ባሻዬ ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ጋሼ፣ በአንድ ምልልስ ስንት ሊትር ዘይት ይጨምራሉ?» አራት ሊትር ያህል ነበር። መሬት ላይ ጠብታ የለም፤ ዘይት መቃጠሉን የሚያሳይ ሰማያዊ ጭስም ከማርሚታው አይወጣም። አራት ሊትር ዘይት የሚሄድበት ስፍራ ሊኖረው ይገባል። እኔ ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም ነበር። የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዞ ለማየት የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ቺያቤ (መፍቻ) ስጨብጥ ዋልኩ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ልብ በሉ፤ ዛሬም የምሠራው እንደዚያው ነው። ከኢንጀክተር የተረፈው ናፍጣ ወደ ታንክ ስለሚመለስ፣ ችግሩ የትም ይጀምር የት በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም ስፍራ ያጠቁራል። ከታንክ ቀድቶ «ቆሽሿል» ማለት ምንም አይነግራችሁም። ባሻዬ ፊልትሮዎቹን አስቀየሩና የመምጠጫውን ቱቦ ከታንኩ ነቅለው ንጹሕ ናፍጣ ባለበት ጀሪካን ውስጥ ከተቱት። የመመለሻውን ቱቦ ደግሞ በሌላ ባዶ ጀሪካን ውስጥ አደረጉት። ሞተሩ ሠራ። በቱቦዎቹ ውስጥ የቆየው ቆሻሻ እስኪያልቅ የመጀመሪያውን ደፋነው። ከዚያ በኋላ ከመመለሻው በነጭ የውኃ ጠርሙስ ቀዳን፤ አሁንም ይጠቁራል። ታንኩ ነጻ ወጣ። ሁለተኛውን ጠርሙስ የቀዳነው ናፍጣውን ከታንክ ስቦ ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ከመጋቢው ፓምፕ መውጫ፣ ማለትም ናፍጣው ገና ቴስታታው ሳይደርስ ነው። እሱም ጠቁሯል። እኔ የፈታኋቸው ስድስት ኢንጀክተሮች ከዚያ ወዲያ ናቸው።

የተበላሸው የመጋቢው ፓምፕ ዘንግ የጎማ ማሸጊያ ነበር። ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ጥርሶች ነው፤ ከማሸጊያው ወዲያ ዘይት አለ፣ ወዲህ ደግሞ ናፍጣ የሚመጠጥበት ክፍል አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ግፊቱ ከውጭው አየር ያንሳል። ግፊት የሌለው ዘይት ወደ ናፍጣ ሊገባ የሚችልበት ስፍራ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ፊልትሮ ደግሞ በአፋር አቧራ ተደፍኖ ስለነበር ፓምፑ ከዘይቱም በኩል አጥብቆ ይስብ ነበር። ማሸጊያው በእጄ መዳፍ ላይ የምትጠፋ ቀለበት ናት።

ጥቁር ሁሉ ግን ዘይት አይደለም። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለው የመዳብ ማረፊያ ከተሰነጠቀ፣ ከ100 ባር በላይ የሆነው የቃጠሎ ጋዝ ጥላሸቱን ይዞ ወደ ናፍጣው ይገባል። ያን ጊዜ የዘይት መጠን አይጎድልም፤ በመመለሻው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ብታስገቡ አረፋ ሲሮጥ ታያላችሁ፤ መኪናው ጠዋት ለመነሣት ያስቸግራል። ጠብታውን በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት፤ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ነጥብ ይተዋል፤ ዘይት ግን ዙሪያውን የሚያበራ ቅባት ይዞ ይቀራል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋተኛው ሰው ነው። የተቃጠለ ዘይት በተቀዳበት ጀሪካን ናፍጣ የሚሞላ ረዳት አለ፤ «ይቃጠላል» ብሎ አውቆ ታንክ ውስጥ የሚደፋም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ባለንብረቱ ፊት ቆሞ ማን ይናገራል? ረዳቱን ሻይ ጋብዛችሁ ለብቻው ጠይቁት። እኔ በዚህ መንገድ ያገኘሁት መልስ በመሣሪያ ካገኘሁት አያንስም።

የዘይቱ መጠን የሚጨምርባቸው ሞተሮች ከሚቀንስባቸው ይልቅ ያስፈሩኛል። ናፍጣ የገባበት ዘይት ይቀጥንና ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ) ይበላል፤ እንዲህ ያለውን መኪና «ቀስ ብለህ ንዳው» ብላችሁ አትልቀቁ፣ አቁሙት። በአዳዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች (ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት የሚይዙት) ላይ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ከፍተኛ ግፊት ያለበትን ቱቦ አትፍቱ፣ የሚያፈስ መስሏችሁም በእጅ አትዳብሱ። ከ1600 ባር በላይ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን ይበሳል፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ማሸጊያውን በቀየርን በሳምንቱ ሾፌሩ ከጅቡቲ ተመለሱ። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ከመቀመጫቸው ሥር በናፍጣ የተሞላ ጠርሙስ አውጥተው ወደ ፀሐይ አነሡት። በጠርሙሱ ውስጥ አሻግሬ ፊታቸውን አየሁት። የኦሪንጎቹን ዋጋ በሁለት ወር ከፍዬ ጨረስኩላቸው።