የመሪ አውሮፕላን በየት በኩል ይሂድ? ጥያቄና መልስ

የበረራ ፈቃድ ስከታተል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የቡድናችን አባላት፣ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ መሪን የያዘ አውሮፕላን እንደ ልቡ አያልፍም እንዴ?

አያልፍም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአገሮች የሲቪል አቪዬሽን ውል በሆነው በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 3 መሠረት የመንግሥት አውሮፕላን ያለ ፈቃድ የሌላ አገር ሰማይ ላይ አይበርም። ስለዚህ መስመሩ ላይ ያለው አገር ሁሉ ለየብቻው ይጠየቃል። የፈቃዱ ቁጥር በጽሑፍ እጃችሁ ሳይገባ «ተፈቅዷል» እንዳትሉ።

በ2013 የቦሊቪያው ፕሬዝዳንት ኢቮ ሞራሌስ ከሞስኮ ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነበር። የአሜሪካን የስለላ ምሥጢር ያወጣውን ኤድዋርድ ስኖውደንን ይዘዋል ተብሎ ተጠረጠረ። ፈረንሳይና ፖርቱጋል ማለፊያ ከለከሏቸው። ቪየና አርፈው ከ12 ሰዓት በላይ ቆዩ። ስኖውደን አውሮፕላኑ ውስጥ አልነበረም።

ጋባዡ አገር እሺ ማለቱም ብቻውን አይበቃም። በ2022 ሰርቢያ የሩሲያውን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቭሮቭን እየጠበቀች ነበር። ቡልጋሪያ፣ ሰሜን መቄዶንያና ሞንቴኔግሮ ሰማያቸውን ዘጉ፤ ጉዞው ቀረ። ሰርቢያ የባሕር በር የላትም። እኛም የለንም። ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚወጣ ሁሉ የጎረቤት ሰማይ ይነካል።

ጥያቄ፦ ምግቡስ?

የእኔ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወደ አውሮፓ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ወደ የትኛው ከተማ? መቼ? በምን አውሮፕላን? እባክህ ወንድሜ፣ አብራርተህ ጠይቅ።

አንድ አባል፦ የታይዋኗ ፕሬዝዳንት ጻይ በ2023 ኒውዮርክ ገብተዋል። ያ ጉብኝት ነው እንጂ ለማለፍ ብቻ ማረፍ (ትራንዚት) አይደለም።

ሌላ አባል፦ ኧረ ትራንዚት ነው! ወደ ጓቲማላና ቤሊዝ እያለፉ ነበር።

የመጀመሪያው፦ ሲመለሱ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ከአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ማካርቲ ጋር የተገናኙትስ? ትራንዚት ላይ ያለ ሰው ስብሰባ ይቀመጣል?

ቃሉ የተመረጠው ለዚሁ ነው። ዋሽንግተን «ትራንዚት» ስትል ይፋዊ ጉብኝት አልተቀበልኩም ማለቷ ነው። ታይዋንን የራሴ ግዛት ናት ለምትለው ለቤይጂንግ ግን አልተዋጠላትም። በዚህ ይብቃን፣ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ለማለፍ ብቻ ከሆነም ፈቃድ ያስፈልጋል?

ከላይ መልሻለሁ እህቴ። ያስፈልጋል። በጽሑፍ፣ ከነቁጥሩ።

ጥያቄ፦ የመመለሻውስ መንገድ ቀድሞ ይታሰባል?

ጥሩ ጥያቄ! መታሰብ አለበት። በ1960 ዲሴምበር፣ በታኅሣሡ ግርግር ጊዜ፣ ጃንሆይ ብራዚል ነበሩ። አዲስ አበባ በቀጥታ አልገቡም፤ አስቀድመው አስመራ አረፉ። መሪ ሲወጣ የነበረው ሁኔታ ሲመለስ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ለመመለሻው ሁለተኛ ማረፊያ ያዙ፤ የዚያንም ፈቃድ ከመነሳታችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ።