ለባለቤት ማንኮራፋት ምን ይበጃል? ጥያቄና መልስ

ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች፣ በደብረ ብርሃን በጤና መኮንንነት ሳገለግል ካየሁት ጋር እያገናዘብሁ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እንቅልፌ ቀላል ነው፤ ኮሽ ባለ ቁጥር እነቃለሁ። ባለቤቴ ገና ጋደም ሲል ማንኮራፋት ይጀምራል። በክርኔ ስጎስመው ለጥቂት ጊዜ ይተውና መልሶ ያገረሽበታል።

መልስ፦ ጉሰማው የሚሠራው ባለቤትዎ በጎናቸው ስለሚዞሩ ነው። ሰው በጀርባው ሲተኛ ምላሱና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ተንሸራተው የአየሩን መንገድ ያጠቡታል፤ በዚያ ጠባብ መንገድ የሚያልፈው አየርም ላንቃውንና እንጥሉን ሲያርገበግብ ድምፁ ይወጣል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ከመጎሰም፣ ለብሰውት በሚተኙት ሹራብ ጀርባ ላይ ትንሽ ኪስ ሰፍቶ የተጠቀለለ ካልሲ መክተት ይሻላል፤ ሊንጋለሉ ሲሉ ይቆረቁራቸውና ወደ ጎናቸው ይመለሳሉ። ትራስ መደራረብ ግን አንገትን ስለሚያጥፍ አልወደውም፤ ከዚያ ይልቅ የአልጋውን የራስጌ እግሮች በጣውላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ጆሮዬን በጥጥ ብወትፍም አልረዳኝም። ለብቻዬ እንዳልተኛ ደግሞ ብርዱ አለ፤ የተኳረፍን እንዳይመስልም እፈራለሁ።

መልስ፦ ጥጥ ድምፅ የማገድ አቅሙ አነስተኛ ነው። በፋብሪካና በግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበትን የስፖንጅ ጆሮ መሰኪያ ይፈልጉ። በጣቶችዎ መካከል እንደ ጧፍ እስኪቀጥን ያድበልብሉት፤ በሌላው እጅዎ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡት፤ እስኪነፋም ድረስ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በጣትዎ ደግፈው ይያዙት። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ስለሚዘነጋ መሰኪያው አይሠራም ይላል። አልጋ መለየትን በተመለከተ፣ በመንዝ ብርድ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በቀን ተመካክረው በሳምንት ሁለት ሌሊት መደብ ላይ ቢተኙ ኩርፊያ አይባልም። ኩርፊያ የሚመስለው በእኩለ ሌሊት ጋቢ ነጥቆ መውጣት ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ የሚብሰው በገበያ ቀን ማታ ነው።

መልስ፦ አረቄው ነው። መጠጥ የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያላላ፣ ቢቻል መተው፣ ካልሆነም ከመኝታ አራት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ማቆም ይገባል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ባለቤቴ ሹፌር ነው። ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ዝም ይላል፤ እፎይ ብዬ ላሸልብ ስል እንደ ታነቀ ሰው አየር ስቦ ይባንናል። ዝምታውን በመቁጠሪያ ብቆጥረው ሃያ ፍሬ ደረሰ።

መልስ፦ እኔን የሚያሳስበኝ እርስዎ እፎይ የሚሉበት ዝምታ ነው። ትንፋሽ በእንቅልፍ ውስጥ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ እየደጋገመ ከተቋረጠ ነገሩ ተራ ማንኮራፋት አይደለም፤ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ይያያዛል፤ ቀን ቀንም እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ ይህ ደግሞ ጣርማ በርን ቁልቁል ለሚነዳ ሰው የሕይወት ጉዳይ ነው። ነቅተው ማዳመጥዎ እዚህ ላይ ጠቅሟል፤ ባለቤትዎ ራሳቸው ይህን ሊያውቁ አይችሉምና። «እኔ አላንኮራፋም» እንዳይሉ፣ አንድ ሌሊት በስልክዎ ይቅረጹና ድምፁን ይዘው አብረው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የደም ግፊታቸውም ይለካ። ችግሩ በምርመራ ከተረጋገጠ፣ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያቆይ ሲፓፕ የተባለ መሣሪያ አለ። እስከዚያው ድረስ ባለቤትዎ የእንቅልፍ ኪኒን አይውሰዱ፤ ድካም በተሰማቸው ቀንም መሪ አይያዙ።