ሹራቡ ለምን ሰፋ? አንገቱስ ለምን ጠበበ?

አንዲት እህት ከኮምቦልቻ ጽፋልኛለች። «እትዬ፣ ደሴ ላለው የእህቴ ልጅ ሹራብ እየሠራሁለት ነው። 8 ዓመቱ ነው። ከኢንተርኔት ባገኘሁት መመሪያ 76 የክር ቀለበት ጀምሬ ፊቱንም ጀርባውንም ጨረስኩ። ባለፈው እሁድ ደሴ ወጥቼ ስለካው አባቱን የሚያክል ሆነ። አንገቱ ደግሞ በጭንቅላቱ አላልፍ አለ። የታችኛው ጠርዝም እየተጠቀለለ አስቸግሮኛል። ልተወው ይሆን?»

አብሽሪ እህቴ፣ አትተዪውም። ሦስቱም ይስተካከላሉ። ግን መተርተር አለበት፣ እሱን ከአሁኑ ልንገርሽ።

ከስፋቱ እንጀምር። መመሪያሽ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ 20 ቀለበት ይላል። በላክሽው ፎቶ ላይ ማስመሪያ አጠገቡ ስላስቀመጥሽልኝ ቆጠርኩት፤ ያንቺ 17 ነው። ሦስት ቀለበት ምን ያመጣል ትዪ ይሆናል። 76 ቀለበት በመመሪያው እጅ 38 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ባንቺ እጅ ግን ወደ 45 ይጠጋል። በአንድ ወገን 7፣ ፊትና ጀርባ ሲጋጠም 14 ሴንቲ ሜትር ትርፍ! ልጁ ቢዋኝበት አይገርምም።

እጅሽ ላላ ያለ ነው ማለት ነው። ይሄ ጥፋት አይደለም። የእኔ እጅ ጠበቅ ይላል። ሁለት ሰው ከአንድ ልቃቂት፣ ቁጥሩ (ውፍረቱ) እኩል በሆነ የሹራብ መሥሪያ ዘንግ ቢሠራ እንኳ ሁለት ልክ ይወጣል። ስለዚህ መመሪያ የሚሰጥሽን ቁጥር ከመጀመርሽ በፊት በራስሽ እጅ መሞከር አለብሽ። 30 ቀለበት ጀምሪና 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያህል ሥሪ። ከዚያ እጠቢው፣ ሳትሰቅዪ ዘርግተሽ አድርቂው። ሳይታጠብ የተለካ ሙከራ ይዋሻል፤ አንዳንዱ ክር ውሃ ሲነካው ይለጠጣል፣ ሌላው ይሰበሰባል። ስትለኪም ጠርዙን ተይው፣ መሐሉ ላይ ቁጠሪ።

አሁን ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው በያዝሽው መሥሪያ ቀለበት መቀነስ ነው። 38 በ1.7 ሲባዛ 65 ገደማ ይመጣል። ሁለተኛው 76ቱን ትተሽ መሥሪያውን ማቅጠን ነው። በ5 ቁጥር ከሠራሽ 4.5 ሞክሪ፣ አሁንም ከላላ 4። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በላላ ሹራብ ውስጥ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው።

ፎቶው ላይ አንድ ነገር አየሁ፣ አንቺ አልጠየቅሽኝም። የውስጡን ገጽ ገልብጠሽ እዪው። ረድፎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠጋግተው፣ በመሐል ቦይ የመሰለ መስመር አለ። ክሩ ከፊት ሆኖ የምትሠሪው ረድፍ ከሌላው ይላላብሻል። ለብዙ ሰው እንዲያ ነው። ክሩን በትንሿ ጣትሽ ላይ አንድ ጊዜ ዞር አድርጊውና ሥሪ፣ እኩል ይጎተትልሻል። ኮምቦልቻ ቀን ላይ ይሞቃል፤ እጅ ሲያልበው ክር ይይዛል። ቀን የሠራሽውና ማታ የሠራሽው ከተለያየ ከዚያም ሊሆን ይችላል። ፎጣ አጠገብሽ ይኑር።

የተረተርሽውን ክር እንደተጨማደደ አትሥሪበት፣ ልክሽን ያበላሻል። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሚው። አራት ቦታ በላላ ክር እሰሪው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊና ሳትጠመዝዢ ስቀዪው። ሲደርቅ ቀጥ ይላል።

ጠርዙ የሚጠቀለለው በስህተትሽ አይደለም። በአንድ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው ጎርባጣ የሆነ ሹራብ ጠባዩ ነው፤ ከታች ወደ ፊት፣ ከጎን ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ጎኑን ስፌቱ ይይዘዋል። ለታቹ ግን የሚለጠጥ ጠርዝ ያስፈልጋል፤ አንዱን ቀለበት ክሩ ከኋላ ሆኖ፣ ቀጣዩን ክሩ ከፊት ሆኖ እያፈራረቅሽ 5 ሴንቲ ሜትር ሥሪ። በካውያ አስተካክለዋለሁ እንዳትዪ! እኔ ጀማሪ እያለሁ የአክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ሹራብ በጋለ ካውያ ተኩሼ ጨርቁ ሙትት ብሎ ቀርቷል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ክርሽ ምን እንደሆነ ካላወቅሽ ከጫፉ ትንሽ ቆርጠሽ በጥንቃቄ አቃጥዪ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሆናል፤ እስኪበርድ እንዳትነኪው።

አንገቱን ያጠበበው መዝጊያው፣ ማለትም ቀለበቶቹ እንዳይፈቱ የምትዘጊበት የመጨረሻው ረድፍ ነው። እጅሽ ላላ ሆኖ ሳለ መዝጊያው ላይ ግን «እንዳይፈታ» ብለሽ ጎትተሽዋል። ተርትረሽ እንደገና ስትሠሪ አንገቱ መዝጊያ ላይ ስትደርሺ አትጎትቺው። ቀለበቶቹን በአንድ ቁጥር ወፈር ባለ መሥሪያ ዝጊ፤ በ4 ከሠራሽ በ5። አምስት ስድስት ቀለበት በዘጋሽ ቁጥር ጎተት አድርገሽ እዪው።

ልጁ አጠገብሽ ስለሌለ ለእህትሽ ደውዪና የጭንቅላቱን ዙሪያ፣ ከቅንድቡ በላይ፣ በሜትር ትለካልሽ። ከዚያ ጓዳ ግቢና ያንን ያህል ዙሪያ ያላት ትንሽ ድስት ፈልጊ። የክሩን ጫፍ ደብቀሽ ከመቁረጥሽ በፊት አንገቱን አልብሻት። ሳታስገድጂው ካለፈ ለልጁም ያልፋል።