አየርላንዳዊው ቅድመ አያት የት ተወለደ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከአውስትራሊያዋ ከተማ ከሜልቦርን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በርክተዋል። እዚያ ከአየርላንድ ዘር ከሆኑ ሰዎች ጋር ተጋብተው የወለዱ ወገኖቻችን የልጆቻቸውን ሰባት ቤት በእኛ በኩል ያለ ችግር ይቆጥራሉ፤ በአየርላንዱ በኩል ሲደርሱ ግን ይቸገራሉ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ቅድመ አያት ወርቅ ፍለጋ በተጧጧፈበት በ1850ዎቹ ከአየርላንድ ወደ ቪክቶሪያ፣ ማለትም ሜልቦርን ወዳለችበት ቅኝ ግዛት፣ እንደ መጣ ብቻ ነው የምናውቀው። ደብሊን ላለው መዝገብ ቤት ደብዳቤ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ፤ ገና ነው። ፍለጋው የሚጀምረው ከሞተበት አገር ነው። ቪክቶሪያ ከ1853 ጀምሮ የሰጠችው የሞት ምስክር ወረቀት እጅግ ዝርዝር ነው፦ የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ በቅኝ ግዛቱ የኖረበት ዘመን፣ ጋብቻና ልጆች ይጠየቁበት ነበር። ሆኖም ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። አየርላንድን ያላየ ልጅ ወይም የሟቹ ጎረቤት ከሆነ፣ የሟቹ ወላጆች ስም ግምት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጋብቻውን ወረቀትና በቅኝ ግዛቱ የሞቱ ወንድሞቹንና እህቶቹን ወረቀት አብረው ያስወጡ። የእርሱ ላይ «አየርላንድ» ተብሎ የታለፈው፣ የእህቱ ላይ እስከ ሰበካው ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ቅድመ አያት ብሪታንያ በእስረኝነት ወደ አውስትራሊያ ከላከቻቸው አንዱ ነው ይባላል። አክስቱ ግን ወሬው እንዲነሣ አይፈልጉም።

መልስ፦ አክስቲቱን አላስቀይምም፤ ግን ለፈላጊ ከእስረኛ የተሻለ ዘመድ የለም! ነፃው መንገደኛ ስሙን ብቻ ጥሎ ሲያልፍ፣ እስረኛው በተለይ በ1830ዎቹ ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለም፣ ሙያው፣ ጥፋቱና የትውልድ አውራጃው ሳይቀር ተመዝግቧል። ከአየርላንድ በቀጥታ እስረኞችን የጫነችው የመጀመሪያዋ መርከብ «ኩዊን» ሲድኒ የደረሰችው በ1791 ነው፤ ሲድኒ ወዳለችበት ቅኝ ግዛት ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ መላኩ በ1840 ቆመ።

ጥያቄ፦ የአየርላንድ የሕዝብ ቆጠራ ተቃጥሏል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል በ1922 የደብሊኑ መዝገብ ቤት ሲቃጠል ጠፋ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን አራቱን ግን እሳት አልነካቸውም፤ ያጠፋቸው ራሱ መንግሥት ነው። የ1901 እና የ1911 በሙሉ አሉ፤ በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። ለቀደመው ዘመን ከ1847 እስከ 1864 የተሠራው የግሪፊዝ የንብረት ግምት መዝገብ ይረዳል፤ የሚጽፈው ግን ቤቱን ወይም መሬቱን የያዘውን ሰውና አከራዩን ብቻ ነው። ያላገባ ወጣት ሆኖ ከተሰደደ አባቱን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ አንዱ ወረቀት «ኦብራየን»፣ ሌላው «ብራየን» ይላል። አንድ ሰው ናቸው?

መልስ፦ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአየርላንዳውያን የቤተሰብ ስም መነሻ ያለችው «ኦ» ስትወድቅና ስትነሣ ኖራለች። የሚስቱ ስምና የትውልድ ቦታው ከገጠሙ ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ በሐምሌ አየርላንድ ልንሄድ ነው። የት እንውረድ?

መልስ፦ የተወለደበትን ጎጥ፣ እነርሱ ታውንላንድ የሚሉትን፣ አውቃችኋል? ከ60,000 በላይ ናቸው። ካላወቃችሁ ትኬቱን አቆዩት። የካቶሊክ ሰበካዎች የጥምቀት መዝገብ ከ2015 ጀምሮ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በነፃ ስለተለቀቀ፣ ሰበካው ከታወቀ ሜልቦርን ተቀምጦ መፈለግ ይቻላል።